ተሳቢ ቤት ውስጥ እየኖሩ አገር ማየት፦ አቆማመጥ፣ ውሃ፣ መብራት፣ ፍሳሽና መንገድ

በፒክአፕ ወይም በጠንካራ የቤት መኪና የሚጎተት፣ አልጋ፣ ማድቤት፣ መታጠቢያና ሽንት ቤት ያለው ተሳቢ ቤት ውስጥ የሚኖር ሰው ውሃውንም፣ መብራቱንም፣ ፍሳሹንም በልክ ነው የሚጠቀመው። ልኩን መልመድ ብዙ ጊዜ አይፈጅም። ሰውን በተደጋጋሚ የሚያስቸግረው የሥራው ተራ ነው። ቀድሞ መደረግ ያለበት ነገር ወደ ኋላ ሲቀር ውድ ዕቃ በደቂቃ ውስጥ ይቃጠላል፣ ቤቱ ይንሸራተታል፣ ወይም ሽታው ለሳምንት አይለቅም። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን ስታነቡ ምን እንደሚደረግ ብቻ ሳይሆን ከምን በፊት እንደሚደረግም ያዙ። ቁጥሮቹ በሰሜን አሜሪካ ደረጃ ለተሠሩ ተሳቢዎች ናቸው።

ክብደትና ጎማ

በተሳቢው የግራ ግድግዳ ላይ፣ ወደ ፊት በኩል፣ ተሳቢው ከነጭነቱ ሊደርስ የሚችለውን ከፍተኛ ክብደት የሚናገር ተለጣፊ አለ። ባዶ ክብደቱን ከዚህ ስትቀንሱ የሚቀረው ለልብስ፣ ለምግብ፣ ለመሣሪያና ለውሃ የተፈቀደላችሁ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከምትገምቱት ያንሳል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለሆነ 150 ሊትር የሚይዝ ታንከር ሞልቶ መሄድ አንድ ተኩል ኩንታል ጭኖ መሄድ ነው። የምትሄዱበት ካምፕ ውሃ ካለው ለመንገድ 30 ሊትር ይበቃል።

ከጠቅላላው ክብደት ይልቅ ብዙ ሰው የሚዘነጋው የመጎተቻ ክንዱ መኪናው ላይ የሚጥለውን ሸክም ነው። ይህ ሸክም ከተሳቢው ሙሉ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ መሆን አለበት፤ ለ3,000 ኪሎ ተሳቢ ከ300 እስከ 450 ኪሎ ማለት ነው። ሲያንስ ተሳቢው መንገድ ላይ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል። ሲበዛ የመኪናው ኋላ ይወርድና የፊት ጎማዎቹ መሬት መያዝ ያቅታቸዋል፣ መሪውም ይቀልላል። ከባድ ዕቃ ከጎማዎቹ በላይ ወይም ትንሽ ቀደም ብሎ፣ ወለሉ አጠገብ ይቀመጥ። ከኋላ ፓራውልቱ ላይ ብስክሌትና ጄነሬተር መስቀል የክንዱን ሸክም ከሁሉ በላይ የሚያቀልለው ስህተት ነው። ግምት አያዋጣም፤ የጭነት መኪኖች በሚመዘኑበት ሚዛን ላይ አንድ ጊዜ ከነሙሉ ጓዛችሁ ተመዘኑ።

ተሳቢው መወዛወዝ ከጀመረ የመኪናውን ፍሬን አትርገጡ። ነዳጁን ልቀቁ፣ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ የተሳቢውን ፍሬን ብቻ የሚይዘውን የእጅ መቆጣጠሪያ ቀስ አድርጋችሁ ግፉ። ተሳቢው ከኋላ ሲይዝ መስመሩ ራሱ ይስተካከላል።

የተሳቢ ጎማ ጥርሱ ሳያልቅ ያረጃል። ጎማው ጎን ላይ ካለው የፋብሪካ ኮድ የመጨረሻዎቹን አራት ቁጥሮች አንብቡ፤ 3522 ማለት በ2022 በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። አምስት ስድስት ዓመት ከሞላው መልኩ ቢያምርም ቀይሩት። ንፋስ የሚለካው ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው። ብዙዎቹ የተሳቢ ጎማዎች የተሠሩት በሰዓት 105 ኪሎ ሜትር ለሚሆን ፍጥነት ስለሆነ የመኪናችሁ ጉልበት አያታልላችሁ። ጎማ በተፈታ ቁጥር ብሎኖቹን በቶርክ ሬንች አጥብቁ፤ በመጀመሪያዎቹ 80 ኪሎ ሜትሮች ውስጥም ሁለት ሦስት ጊዜ ቆማችሁ ድገሙት፣ አዲስ ጠርዝ ሲቀመጥ ይላላልና። በእረፍት ማቆሚያ ላይ የጎማዎቹን መሐል በሙቀት መለኪያ ተመልከቱ። አንዱ ከሌሎቹ በጣም ከሞቀ ኩሽኔታው ወይም ፍሬኑ ችግር አለበት።

ካምፕ ስትደርሱ

መጀመሪያ ከመኪና ውረዱና ቦታውን በእግራችሁ ዙሩት። ቀና ብላችሁ ቅርንጫፍ፣ ጎንበስ ብላችሁ ድንጋይና ጉቶ፣ በጎን ደግሞ ተንሸራታቹ ክፍል (ቤቱ ሲቆም ወደ ጎን ወጥቶ ቦታ የሚያሰፋው) ሲወጣ የሚነካው ነገር መኖሩን እዩ። የመብራት ሳጥኑና የፍሳሽ ጉድጓዱ አብዛኛውን ጊዜ በሾፌሩ በኩል፣ ወደ ኋላ ነው።

ወደ ኋላ ስትገቡ እጃችሁን መሪው ታች ላይ አድርጉ። የተሳቢው ጭራ ወደ ግራ እንዲሄድ ከፈለጋችሁ እጃችሁን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ከፈለጋችሁ ወደ ቀኝ። በጥቂት በጥቂቱ አዙሩ፤ ተሳቢው ማጠፍ ሲጀምር ወዲያው መልሱ። ማዕዘኑ ከጠበበ ለማስተካከል አትታገሉ፣ ወደ ፊት ወጥታችሁ እንደገና ጀምሩ። ከኋላ የሚመራችሁ ሰው ሁልጊዜ በስፖኪዮ በሚታይበት ቦታ ይቁም። ከስፖኪዮ ከጠፋ መኪናውም ይቁም።

ከዚያ በኋላ ያለው ተራ አይለዋወጥም። በቅድሚያ ግራና ቀኙን በውሃ ልክ ለኩ። ዝቅ ባለው በኩል ጎማዎቹ ሥር ሳንቃ ወይም የፕላስቲክ ደረጃ አንጥፉና መኪናው ገና እንደተያያዘ ውጡበት፤ ይህ ከተፈታ በኋላ የማይስተካከል ነገር ነው። ሁለተኛ፣ በሁለቱም በኩል በጎማዎቹ ፊትና ኋላ ታኮ አድርጉ። መጎተቻውን የምትፈቱት ከዚህ በኋላ ብቻ ነው። የፊትና የኋላውን ልክ በመጎተቻ ክንዱ ላይ ባለው ክሪክ አስተካክሉ። በመጨረሻ አራቱን የማዕዘን ድጋፎች መሬት እስኪነኩና ትንሽ እስኪጠብቁ አውርዱ። ድጋፎቹ መንቀጥቀጥን ለመቀነስ የተሠሩ ናቸው እንጂ ቤቱን ለማንሳት አይደሉም። በእነሱ ያነሳችሁ እንደሆነ ሻንሲው ይጣመማል፣ በሩም አልገጥም ይላል። ተንሸራታቹን ክፍል ማውጣት ቤቱ ከተስተካከለ በኋላ ነው፤ ተጣሞ ከወጣ ጥርሱን ይበላል፣ ማሸጊያውንም ይቀዳል።

ልክ መሆን ለእንቅልፍ ብቻ አይደለም። በጋዝም በመብራትም የሚሠራው የድሮው ዓይነት ፍሪጅ ውስጥ አሞኒያ የሚወርደው በራሱ ክብደት ነው። ቤቱ ካጋደለ ፈሳሹ አንድ ቦታ ይጠራቀምና ቱቦው ውስጥ ይጋግራል፤ ከዚያ በኋላ ፍሪጁን ማዳን አይቻልም። በ12 ቮልት የሚሠሩት አዲሶቹ የኮምፕረሰር ፍሪጆች ግን ለዚህ ግድ የላቸውም።

መብራት

የካምፑን ሳጥን ስትከፍቱ መጀመሪያ ብሬከሩን አጥፉ። የቮልቴጅ መከላከያውን (ቮልቴጁ ሲዛባ መስመሩን የሚቆርጠውን መሣሪያ) ብቻውን ሰኩ፣ ብሬከሩን አብሩና በላዩ ያሉት መብራቶች መስመሩ ደህና መሆኑን ይንገሯችሁ። ደህና ከሆነ እንደገና አጥፍታችሁ የቤቱን ገመድ ሰኩና አብሩ። ብሬከር በርቶ የተሰካ ገመድ ይፈነጥቃል፤ ፍንጣሪው የሶኬቱን ጥርስ ያጠቁራል፣ የጠቆረ ጥርስ ደግሞ ይሞቃልና በመጨረሻ ፕላስቲኩን ያቀልጣል። የበሩን ብረት ወይም ደረጃውን ስትነኩ ቢነዝራችሁ የምድር ሽቦው አልተያያዘም ማለት ነው። ጊዜ ሳታጠፉ ንቀሉና ሌላ ቦታ ጠይቁ።

የ30 አምፔር መስመር በ120 ቮልት 3,600 ዋት ይሰጣል። ይህን በወረቀት ከመያዝ በጭንቅላት መደመር ይሻላል፦ አየር ማቀዝቀዣው 13 አምፔር ያህል፣ የቦይለሩ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ 12፣ ማይክሮዌቭ ከ10 እስከ 13፣ ፀጉር ማድረቂያ 12 ያህል። ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ፣ ሦስተኛው ብሬከሩን ይጥለዋል። ምሳ በማይክሮዌቭ ስታሞቁ ቦይለሩን ወደ ጋዝ አዙሩት። የ50 አምፔር መስመር ሁለት ባለ 50 አምፔር ሽቦ ስላለው 12,000 ዋት ይደርሳል፤ እዚያ ላይ ይህ ሒሳብ አያስጨንቅም። በሞቃት ቀን ካምፑ ሲሞላ ቮልቴጁ ይወርዳል። ከ105 ቮልት በታች ከወረደ አየር ማቀዝቀዣውን አጥፉ፤ ሞተሩ የጎደለውን ቮልቴጅ በአምፔር ለማካካስ ሲል ራሱን ያቃጥላል።

መስመር በሌለበት ቦታ የምትኖሩት በባትሪ ነው። አምፖሎቹ፣ የውሃ ፓምፑ፣ የክፍል ማሞቂያው ማራገቢያ፣ የጋዝ ጠቋሚው፣ የፍሪጁና የቦይለሩ መቆጣጠሪያ ሁሉም 12 ቮልት ናቸው። መደበኛው የሊድ አሲድ ባትሪ አርፎ ሲለካ 12.7 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው፣ 12.1 ካሳየ ግማሽ። ከግማሽ በታች ደጋግሞ መጠቀም ዕድሜውን ያሳጥራል፤ ስለዚህ 100 አምፔር ሰዓት ከተጻፈበት ባትሪ የምትጠቀሙት 50 ብቻ ነው። አሁን አንድ ብርዳማ ሌሊት አስቡ። ማራገቢያው 7 አምፔር ያህል ይወስዳል፤ በስምንት ሰዓት ውስጥ ግማሹን ጊዜ ቢሠራ 28 አምፔር ሰዓት። ጠቋሚውና ትናንሽ መቆጣጠሪያዎቹ በቀን 20 ገደማ። በማግስቱ ጠዋት ባትሪው አልቋል።

ሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ አብዛኛውን አቅሙን ይሰጣል፣ ክብደቱም ግማሽ ያህል ነው። ሁለት ነገር ግን ይፈልጋል፦ ለሊቲየም የተስተካከለ ቻርጀርና ከዜሮ ዲግሪ በላይ የሆነ ሙቀት። ከዜሮ በታች ከተሞላ ሴሎቹ ይበላሻሉ፤ ብርድ አገር የሚከርም ባትሪውን ወደ ቤት ውስጥ ያስገባው። 200 ዋት ሶላር ጣሪያ ላይ ተኝቶ በጥሩ የበጋ ፀሐይ በቀን 700 ዋት ሰዓት ገደማ ይመልሳል፣ በ12 ቮልት ሲሰላ 58 አምፔር ሰዓት ያህል። ዛፍ ጥላ ሥር ግን ከቁጥር የሚገባ ነገር አይሰጥም፤ ጥላና ሶላር አብረው አይገኙም።

ውሃ

ከቧንቧው የሚጀምረው ሰንሰለት ይህ ነው፦ ቧንቧ፣ የግፊት ሬጉሌተር፣ የመጠጥ ውሃ ቱቦ፣ ማጣሪያ፣ ቤቱ። ሬጉሌተሩ ቧንቧው ላይ ካልሆነ ቱቦው ራሱ ይፈነዳል። ግፊቱን ከ40 እስከ 60 ፒኤስአይ (ሬጉሌተሩ ላይ የሚነበብ የግፊት መለኪያ) መካከል ያዙት። የቧንቧውን አፍ ሳትሰኩ በፊት በበረኪና በተነከረ ጨርቅ ጥረጉ፤ ከእናንተ በፊት የነበረው ሰው የፍሳሽ ቱቦውን እዚያ ያጥብ እንደሆነ አታውቁም። የካምፑ ውሃ ሲገናኝ የቤቱን ፓምፕ አጥፉ።

ቦይለሩን በኤሌክትሪክ ከማብራት በፊት ውሃ መሙላቱን አረጋግጡ። የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ክፈቱ፤ አየር እየተፋ ከሆነ ጠብቁ፣ ሳይቆራረጥ ሲወርድ ሞልቷል። ደረቅ ታንከር ውስጥ የበራ ማሞቂያ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይቃጠላል። ከክረምት ማከማቻ የወጣ ተሳቢ ቦይለሩ ውሃ እንዳይገባበት ቫልቮቹ ተዘግተው ሊሆን ስለሚችል ከኋላው ያሉትን ቫልቮች እዩ። ቦይለሩ የብረት ታንከር ካለው ውስጡ ለዝገት የሚሠዋ ዘንግ አለ፤ በዓመት አንድ ጊዜ አውጥታችሁ ሦስት አራተኛው ከተበላ ቀይሩት። ዘንጉን ከመፍታታችሁ በፊት ቦይለሩን አጥፉ፣ እስኪበርድ ጠብቁ፣ የግፊት ማስተንፈሻውን ክፈቱ። ይህን ሳያደርግ የፈታ ሰው የፈላ ውሃ ፊቱ ላይ ይፈነዳበታል።

ታንከሩንና ቧንቧዎቹን በዓመት ሁለት ጊዜ፣ እንዲሁም ቤቱ ብዙ ጊዜ ከቆመ በኋላ አጽዱ። ለእያንዳንዱ 57 ሊትር የታንከር አቅም 60 ሚሊ ሊትር ሽታ ያልተጨመረበት በረኪና ይበቃል፤ ለ150 ሊትር ታንከር 160 ሚሊ ሊትር ያህል። በረኪናውን በባልዲ ውሃ በጥብጣችሁ አስገቡ፣ ታንከሩን ሙሉ፣ ፓምፑን አብርታችሁ እያንዳንዱን ቧንቧ፣ ቀዝቃዛውንም ሙቁንም፣ የበረኪና ሽታ እስኪመጣ ክፈቱ። ቢያንስ አራት ሰዓት፣ ቢቻል ሙሉ ሌሊት ይቆይ። ከዚያ አፍስሳችሁ ሽታው እስኪጠፋ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁ። የውሃ ማጣሪያው ካርቶን በዚህ ጊዜ መውጣት አለበት። ሙቅ ውሃው የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ከሆነም መድኃኒቱ ይኸው ነው።

ገላ መታጠብ ውሃ ካልተቆጠበ ታንከር ይጨርሳል። ሰውነትን አርሱ፣ ዝጉ፣ ሳሙና ተቀቡ፣ ክፈቱና ታጠቡ። እንዲህ ሲሆን ለአንድ ሰው አሥር ሊትር ያህል ይበቃል። 22 ሊትር የሚይዝ ቦይለርም ሁለት ሰው ያስታጥባል።

ፍሳሽ

ሁለት ታንከር አለ። የሽንት ቤቱ ጥቁር ውሃ ይባላል፣ የሲንክና የገላ መታጠቢያው ግራጫ። ካምፑ የፍሳሽ መስመር ቢኖረውም የጥቁሩን ቫልቭ ዝጉት፤ የምትከፍቱት ልታፈሱ ስትሉ ብቻ ነው። ክፍት ከተተወ ፈሳሹ ወዲያው ይሄዳል፣ ጠንካራው ነገርና ወረቀቱ ግን ሽንት ቤቱ ሥር ተከምሮ ይደርቃል። ያ ክምር አንዴ ከደረቀ ውሃ ሞልቶ ለብዙ ሰዓት መዘፍዘፍ፣ ቤቱን እየጎተቱ ማንቀጥቀጥ፣ አንዳንዴም ባለሙያ መጥራት ነው መፍትሔው።

ታንከሩ ሁለት ሦስተኛ ሲሞላ አፍስሱ። ከዚያ በታች ከሆነ ጠራርጎ የሚሄድበት ጉልበት የለውም፤ ጥቂት ከሆነ ውሃ ጨምሩበት።

ጓንት አድርጉ። ሁለቱም ቫልቮች መዘጋታቸውን ሳታረጋግጡ ክዳኑን አትንቀሉ፤ ስትነቅሉም ባልዲ ሥሩ አስቀምጡ፣ ትንሽ ነገር ሁልጊዜ ይንጠባጠባል። የቱቦውን አንድ ጫፍ መጀመሪያ ጉድጓዱ ላይ አጥብቃችሁ ግጠሙ፣ ሌላውን ከቤቱ ጋር፣ በመካከል ውስጡ የሚታይ የፕላስቲክ ክርን ይኑረው። አሁን ጥቁሩን ክፈቱ። መጀመሪያ በኃይል ይወርዳል፣ ከዚያ ይቀንሳል፣ ከዚያ ይቆማል። ዝጉት፣ በሽንት ቤቱ በኩል 20 ሊትር ውሃ ጨምሩ፣ እንደገና ክፈቱ። በክርኑ ውስጥ የሚያልፈው ውሃ ጠርቶ እስኪታይ ድረስ ይህን ድገሙት። አንዳንድ ተሳቢዎች ከውጭ የሚሰካ የታንከር ማጠቢያ አላቸው። በእሱ ስትጠቀሙ ቫልቩ ክፍት ይሁን፣ ከቦታውም አትራቁ፤ ቫልቩ ተዘግቶ የተረሳ ማጠቢያ ታንከሩን ሞልቶ በጣሪያው መተንፈሻ ወይም በሽንት ቤቱ ይገነፍላል። ጥቁሩ ከተዘጋ በኋላ ግራጫውን ክፈቱ፤ የሳሙናው ውሃ ቱቦውን ያጥበዋል። ተራው ሲገለበጥ የሚቀረው የቆሸሸ ቱቦ ነው።

ስትጨርሱ ቱቦውን ከቤቱ በኩል ንቀሉና ከፍ እያደረጋችሁ ወደ ጉድጓዱ አንጠፍጥፉት። ከዚያ ወደ ሽንት ቤቱ 15 ሊትር ያህል ውሃና የታንከር መድኃኒቱን ጨምሩ። ቀጣዩ ሳምንት የሚሸትበት ወይም የማይሸትበት ምክንያት ይህ 15 ሊትር ነው፤ ደረቅ ወለል ላይ የሚወርድ ነገር ይጣበቃል። ወረቀቱ ቶሎ የሚሟሟ ዓይነት ይሁን። ለመለየት በጠርሙስ ውሃ ውስጥ አንድ ቅጠል ከትታችሁ ነቅንቁት፤ ወዲያው ከተበጣጠሰ ጥሩ ነው።

ግድግዳው ላይ ያለው ጠቋሚ ታንከሩ ባዶ ሆኖም «ሁለት ሦስተኛ» ቢል አትደንግጡ። ወረቀት የጠቋሚውን ነጥብ ሸፍኖት ነው። በባትሪ መብራት ወደ ውስጥ ማየት የበለጠ እውነት ይናገራል።

ቤት ውስጥ ድንገት ሽታ ቢመጣ ከመድኃኒት በፊት ሁለት ነገር ፈትሹ። የመታጠቢያ ቤቱ የጣሪያ ማራገቢያ እየሠራ ውሃ ከለቀቃችሁ ማራገቢያው አየር የሚስበው ከታንከሩ ነው፤ መጀመሪያ አጥፉት፣ ከዚያ ውሃ ልቀቁ። ሁለተኛው፣ በመንገድ መንቀጥቀጥ ከሲንኩ ሥር ያለው የታጠፈ ቧንቧ ውሃው ፈስሶ ሊሆን ይችላል። በእያንዳንዱ ሲንክና በገላ መታጠቢያው አንድ አንድ ብርጭቆ ውሃ አፍስሱ።

ግራጫ ውሃን መሬት ላይ ማፍሰስ በአብዛኛው ቦታ ክልክል ነው። በተፈቀደበትም ጎረቤት አይወደውም።

ጋዝ፣ ብርድና ላብ

9 ኪሎ የሚይዝ የፕሮፔን ሲሊንደር 430,000 ቢቲዩ (የሙቀት መጠን መለኪያ) ያህል ሙቀት አለው። 30,000 ቢቲዩ በሰዓት የሚያቃጥል ማሞቂያ ሳያቋርጥ ቢሠራ በ14 ሰዓት ይጨርሰዋል። ውሃ በሚያጋግር ብርድ ግማሹን ጊዜ ቢሠራ አንድ ሲሊንደር ከአንድ ቀን ትንሽ ይበልጣል፤ ክረምት ላይ ሁለቱ ሲሊንደሮች እንደ ነዳጅ የሚታሰቡት ለዚህ ነው። ሲሊንደር በቀየራችሁ ቁጥር መገጣጠሚያውን በሳሙና አረፋ ፈትሹ። ቫልቩን ቀስ ብላችሁ ክፈቱት። በአንድ ጊዜ ከተከፈተ የፍሳሽ መከላከያው ቧንቧ የተበጠሰ ይመስለውና ጋዙን ያንቀዋል፤ ምድጃው ትንሽ ነበልባል ብቻ ያሳያል፣ ማሞቂያውም አይነሳም። ዝጉ፣ ጥቂት ጠብቁ፣ እንደገና በዝግታ ክፈቱ።

ፕሮፔን ከአየር ስለሚከብድ ጠቋሚው ወለሉ አጠገብ ነው፤ ምንጣፍ ወይም ጫማ አይሸፍነው። ምድጃውን ለክፍል ማሞቂያነት አትጠቀሙ። አንደኛ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይገድላል። ሁለተኛ አንድ ኪሎ ፕሮፔን ሲቃጠል 1.6 ኪሎ ያህል ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል፣ የምድጃው እንፋሎት ደግሞ የሚቀረው ቤት ውስጥ ነው። ጠዋት መስኮቶቹ የሚያልባቸው ከዚህና ከትንፋሽ ነው። የጣሪያውን መተንፈሻ ሁለት ጣት ያህል፣ አንድ መስኮትም እንዲሁ ከፍታችሁ አብስሉ፤ የምታጡት ሙቀት ከሻጋታ ጣጣ ይሻላል። የእርጥበት መለኪያው ከ50 በመቶ በላይ አይሂድ። ፍራሹን በሳምንት አንድ ጊዜ አንሱት፤ ከሥሩ አየር የሚያስገባ ነገር ከሌለ መጀመሪያ የሚሻግተው እሱ ነው።

በረዶ ሊጥል ሲል ታንከሩን ሙሉና የውጭውን የውሃ ቱቦ አንስታችሁ በፓምፕ ተጠቀሙ። የግራጫውን ቫልቭም ዝጉ። ጠብ ጠብ የሚል ውሃ የፍሳሽ ቱቦው ውስጥ ደረጃ በደረጃ ይጋግራል፣ ጠዋት የምታገኙት በበረዶ የተደፈነ ቱቦ ነው።

ጣሪያው ግን ከብርዱም ከሙቀቱም በላይ ቤቱን ይገድላል፤ በቀዳዳ የገባ ውሃ ግድግዳውን ከውስጥ ያበሰብሰዋል። በየሦስት ወሩ በመተንፈሻዎቹ፣ በአንቴናውና በጠርዞቹ ዙሪያ ያለውን ማሸጊያ እዩ። ስንጥቅ ካለ አጽድታችሁ ለጣሪያው ዓይነት የተሠራ፣ ራሱ የሚደላደል ማሸጊያ አፍስሱበት። የጎማ ጣሪያ ላይ ሲሊኮን አይያዝም፤ በላዩም ሌላ ነገር እንዳይጣበቅ ያደርጋል።

ለጉብኝት መውጣት

ተሳቢውን እየጎተቱ መጎብኘት የሚያደክም ሥራ ነው። ይልቅ አንድ ካምፕ ላይ ከአራት እስከ ሰባት ሌሊት ተቀመጡና በመኪናው ብቻ ዙሩ። መንቀልና መትከል የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ በየሁለት ቀኑ የሚነሳ ሰው ከመንገድና ከቱቦ ሌላ ያየው ነገር አይኖርም። በምትነሱበት ቀን 300 ኪሎ ሜትር ይበቃል፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ።

ቦታ ስታስይዙ የምትጽፉት ርዝመት ከመጎተቻው ጫፍ እስከ ኋላ ፓራውልቱ የለካችሁት ይሁን። የሞዴሉ ስም ላይ ያለው ቁጥር ብዙ ጊዜ ከእውነተኛው ርዝመት ያንሳል፤ የድሮ ፓርኮች ደግሞ የተሠሩት ለትናንሽ ተሳቢዎች ነው። በአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች ብዙዎቹ ካምፖች በፌዴራሉ የማስያዣ ድረ ገጽ ከስድስት ወር በፊት ይከፈታሉ፣ ታዋቂዎቹም በዚያው ጠዋት ይሞላሉ። በየሎስቶን ፓርክ ውስጥ ውሃ፣ መብራትና ፍሳሽ የተሟላለት ካምፕ ፊሺንግ ብሪጅ ነው። በድቦቹ ምክንያት ግድግዳው ጠንካራ ያልሆነ፣ ድንኳንነት ያለው ተሳቢ እዚያ አይገባም። በግራንድ ካንየን ደቡብ ጠርዝ ትሬይለር ቪሌጅ መስመር አለው፣ ከዚያ ወደ መመልከቻዎቹ ነጻ አውቶቡስ ይሄዳል። ዛየን ፓርክ ውስጥም ከ2000 ጀምሮ አውቶቡሱ በሚሠራበት ወቅት ሸለቆው ውስጥ የሚገባው በአውቶቡስ ነው። በፌዴራሉ የመሬት አስተዳደር ሥር ባለ ክፍት መሬት ላይ በነጻ መቆም ይቻላል፤ የተለመደው ወሰን በ28 ቀን ውስጥ 14 ቀን ነው።

መንገዱን ቀድማችሁ አጥኑ። ሞንታና ውስጥ ግሌሸር ፓርክን የሚያቋርጠው ጎይንግ ቱ ዘ ሰን መንገድ በመካከለኛው ክፍሉ ከ21 ጫማ፣ ማለትም ከ6.4 ሜትር በላይ የሆነ ተሽከርካሪ አያሳልፍም። ተሳቢ ብቻ አይደለም የሚከለከለው፤ አራት በር ያለው ረጅም ፒክአፕ ብቻውን ከዚህ ሊበልጥ ይችላል፣ ብስክሌት መስቀያ ከጨመራችሁማ ጥያቄ የለውም። በባልቲሞር ወደብ ሥር የሚያልፉት ሁለት ዋሻዎች የተሳቢ ቤት ፕሮፔን ሲሊንደር ይዞ ማለፍን አይፈቅዱም፤ ዙሪያውን ሂዱ። የተሳቢውን ቁመት ከመሬት እስከ አየር ማቀዝቀዣው አናት ለኩና በሜትርም በጫማም ዳሽቦርዱ ላይ ለጥፉት። ተራ የስልክ ካርታ የድልድይ ቁመት አያውቅም፤ ቁመትና ክብደት የሚሞላበት የከባድ መኪና ካርታ ተጠቀሙ።

ቁልቁለት ሲመጣ ማርሽ የሚቀነሰው ከመውረድ በፊት ነው። ፍሬኑን ለረጅም ጊዜ ረግጦ መውረድ ያግለዋል፤ የጋለ ፍሬን አይይዝም። አጥብቃችሁ ለአጭር ጊዜ ያዙ፣ ልቀቁ፣ ይብረድ።

ቤቱን ትታችሁ ለቀን ስትወጡ የጥላውን ሸራ ጠቅልሉ፤ ጸጥ ያለ ሰማይ ሸራ ከመገንጠል አያድንም። የውሃ ፓምፑን አጥፉ፣ የውጭውን ቧንቧ ዝጉ። አንድ መገጣጠሚያ ቢላላ ቀኑን ሙሉ ወለሉ ላይ የሚፈስ እንዳይኖር ነው። ውሻ ወይም ድመት ውስጥ ካለ በአየር ማቀዝቀዣ ብቻ አትተማመኑ፤ የካምፑ መብራት ከጠፋ ቤቱ በፍጥነት ይግላል።

ስትነሱ

ከውስጥ ጀምሩ። የፍሪጁን በር ቆልፉ፣ ቁም ሳጥኖችን ዝጉ፣ የጣሪያ መተንፈሻዎችን አውርዱ፣ ተንሸራታቹን መንገድ ላይ ያለውን ነገር አንስታችሁ አስገቡት። ፍሳሹን አፍስሱ፣ ውሃውን ንቀሉ፣ መጨረሻ ላይ ብሬከሩን አጥፍታችሁ መብራቱን ንቀሉ። ጋዙን ዝጉ።

ታኮው ገና ባለበት የማዕዘን ድጋፎቹን ሰብስቡ፣ መኪናውን አስጠጉና መጎተቻውን ኳሱ ላይ አውርዱ፣ መቆለፊያውን አስገቡ። ከዚያ በክሪኩ የመኪናውን ኋላ ጥቂት ሴንቲ ሜትር አንሱ፤ መኪናው አብሮ ከተነሳ ይዟል፣ ከኳሱ ላይ ከተላቀቀ አልያዘም። ሁለቱን ሰንሰለት ከመጎተቻው ሥር አጣምራችሁ እሰሩ፤ መጎተቻው ቢወድቅ አስፋልቱ ላይ ሳይሆን ሰንሰለቱ ላይ ያርፋል። የአደጋ ፍሬኑን (ተሳቢው ከመኪናው ቢላቀቅ ራሱ የሚይዘውን) ቀጭን ገመድ ከሰንሰለቱ ጋር ሳይሆን ለብቻው ከመኪናው አካል ጋር አያይዙ። ሰባት ጥርስ ያለውን ገመድ ሰኩ፣ ፍሬቻውንና የፍሬን መብራቱን አንድ ሰው ከኋላ ሆኖ ይይላችሁ። ደረጃውን እጠፉ፣ ክሪኩን ሙሉ በሙሉ አንሱ፣ ታኮውን ከሁሉ በመጨረሻ።

አንድ የተሳቢ ርዝመት ያህል ቀስ ብላችሁ ወደ ፊት ሂዱ። ገና እየሄዳችሁ የተሳቢውን ፍሬን የእጅ መቆጣጠሪያ ግፉ፣ ተሳቢው መኪናውን ወደ ኋላ ሲጎትት ይሰማችሁ። ከዚያ ቁሙ፣ ውረዱና ቆማችሁ የነበረበትን ቦታ ዙሩት። ሳንቃ፣ ሬጉሌተር ወይም የመብራት መከላከያው እዚያ ቀርቶ እንደሆነ አሁን ነው የሚታየው።